በናዝሬት ፀሐይ የተሠራ ሻርፕ

እትዬ ውዴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሱፍ ሻርፕ መሥራት ሲጀምሩ ሰፈሩ ሳቀባቸው። ጎረቤታቸው ፎዚያማ ባሰች። «ሰዉ በሙቀት ቆዳውን ሊያወልቅ ነው፣ አንቺ ናዝሬት ላይ ሱፍ ትሠሪያለሽ?» እያለች መንገደኛ ሁሉ እንዲሰማ ትጮኻለች። ምን አገባት! የእትዬ ውዴ ልጅ ጂቱ ነርስ ሆና ባሌ ጎባ ተመድባለች። እዚያ ደግሞ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።

ደህና የሱፍ ክር ከተማው ውስጥ ስላላገኙ ቤት ያሉትን አሮጌ ሹራቦች ተረተሩ። ቀዩ መስመር የጂቱ የተማሪ ቤት ሹራብ ነው። ቡኒው የሟቹ ባለቤታቸው የጋሽ ጉደታ ነው። ቢጫውን ራሳቸው ጂቱን ሲወልዱ፣ በአራስነታቸው ለብሰውታል። ሻርፑን በአውቶብስ የላኩ ቀን የፎዚያን ሳቅ ጭምር በስልክ ነገሯት።

ለፋሲካ ጂቱ መጣች። በጠራራ ፀሐይ ከባጃጅ ስትወርድ ሻርፑን እስከ ጆሮዋ ተጠምጥማ ላቧ ይንቆረቆራል።

«ኧረ አውልቂው ልጄ፣ ልትሞቺ ነው!» አሉ እትዬ ውዴ እየሮጡ።

«ቆይ እማዬ፣» አለች ጂቱ፣ «መጀመሪያ እትዬ ፎዚያን ሰላም ብዬ ልምጣ።»