መስኮቱ ላይ የቆመው ስልክ

እኔ ክፍል ሲሳቅ እስከ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይሰማል። ዓባይ ማዶ ባለው ትምህርት ቤታችን ሳይንስ ሳስተምር፣ ከጎን ክፍል የምታስተምረው የእንግሊዝኛ መምህርት በበር ብቅ ትልና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ብለሻቸው ነው?" ትለኛለች። ተረበኛ ነኝ። እናቴም ተረበኛ ነበረች፤ ከእሷ የወረስሁት ሌላ ሀብት የለኝም። እንጀራዬ ጠመኔ ቢሆንም ወጡ ምላሴ ነው እያልሁ ስኩራራ ኖሬያለሁ።

የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ወደ ስልክ የመጣው በቅርቡ ነው። ድሮ ዶሴ ሞልተን እናስረክባለን፤ ዶሴው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ አቧራ ይጠጣል፤ እኛም እንደነበርን እንቀጥላለን። አሁን ግን እያንዳንዱ መምህር ሲያስተምር በቪዲዮ ይቀረጽ፣ ቪዲዮው በመምህራኑ ግሩፕ ይለቀቅ፣ ባልደረቦች ደግሞ ጠንካራ ጎኑንና መሻሻል ያለበትን ይጻፉለት ተባለ። እኔ ከስልክ ጋር ያለኝ ዝምድና ሃሎ ከማለትና መርዶ ከመስማት አያልፍም ነበር። ቢሆንም ደስ አለኝ። የክፍሌን ሳቅ በወሬ የሚያውቁት ሁሉ ሊያዩት ነው።

የቀረጸኝ የሒሳቡ መምህር ነው። ከዓመታት በፊት እኔው ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ ዛሬም ስገባ ከወንበሩ ይነሳል። ስልኬን መስኮቱ ላይ በመጻሕፍት ደግፎ አቆመው። "ወደ እኔ አዙረው እንጂ" ስለው፣ "ተማሪዎቹም እንዲታዩ ነው ቲቸር" አለኝና ወደ ራሱ ክፍል ሄደ።

የዕለቱ ትምህርት ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ነበር። "ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል?" ብዬ ጠየቅሁ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ወላጆቿ ቆጋ መስኖ ላይ ድንች የሚያለሙ ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ እዚህ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። "ከአፈር" አለች። እኔም ወዲያው፣ "እንግዲያው ጤፍ በተወደደበት ዘመን ምን አደከመን፤ እኛም ከነገ ጀምሮ አፈር እንብላ" አልሁ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ቅጠሉን፣ ፀሐዩን፣ ውኃውንና አየሩን ሣልሁ። ትምህርቱ አማረልኝ ብዬ ወጣሁ።

ቪዲዮው ሲለቀቅ ግሩፑ በአበባና በጭብጨባ ምስል ተሞላ። "ድንቅ ነው"፣ "ቲቸር እርስዎ እኮ ራስዎ ዩኒቨርሲቲ ነዎት"፣ ምን ያልተባልሁት አለ። መሻሻል ያለበት በሚለው ሥር የተጻፈልኝ፣ ምስሉ ትንሽ ጨለም ማለቱ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የመስኮቱ ሆነ ማለት ነው። ቀደም ሲል አንድ መምህር ለሌላዋ ባልደረባችን የጊዜ አጠቃቀሟ ቢሻሻል ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ ደግሞ ከሥሩ "እንግዲያው ሰዓት ገዝተህ ላክላት" ብዬ ግሩፑን በሙሉ አስቄበታለሁ። ከዚያ በኋላ በማንም ቪዲዮ ሥር ቁም ነገር የጻፈ ሰው አልነበረም። ይህን ያኔ ልብ አላልሁትም።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ልወስድ ወደ ትምህርት መርጃው ክፍል ስሄድ የገዛ ድምፄን ከውስጥ ሰማሁ። ገባሁ። የሒሳቡ መምህርና ሁለት ወጣት መምህራን ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። "ይቀመጡ ቲቸር" ብለው ወንበር ሳቡልኝ፤ የሒሳቡ መምህር ላፕቶፑን ከደነው። ከመክደኑ በፊት ግን የቆመውን ምስል አይቼው ነበር። ያቆሙት እኔ ላይ አይደለም፤ አጉልተው ያዩት የነበረው በመስኮቱ በኩል ያለውን ዴስክ ነው።

"ምን እያያችሁ ነው?"

"የእርስዎን ትምህርት ነው። በጣም ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ከሆነ ለምን ዘጋችሁት?"

አንዷ ስለ ሰሌዳ ሥዕሌ ማማር አንድ ነገር አለች። ሰው ሲነሳልኝ ደስ የሚለኝ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሲነሱልኝ ከክፍሉ ያስወጡኝ መሰለኝ። ሥዕሉንም ሳልወስድ ወጣሁ።

ከሥራ በኋላ ወደ ቤቴ አልሄድሁም። በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሬ ጣና ዳር ወረድሁና ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ሙሽሮች ውኃውን ከኋላቸው አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። ስልኬን አወጣሁ። ቪዲዮውን ከዚያ በፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ግን ያየሁት ራሴን ብቻ ነው። ነጠላዬ አምሮብኛል ወይ፣ ጀርባዬ ጎብጧል ወይ እያልሁ። አሁን እኔ ያለሁበትን ግማሽ በመዳፌ ሸፈንሁና ልጆቹን ማየት ጀመርሁ።

መጀመሪያ ላይ ብዙ እጆች ይወጣሉ። ልጅቷ ከዴስኩ ተነሥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ነው እጇን የምትዘረጋው። "ከአፈር" ስትል ፊቷ ላይ ጥርጥር የለም። ከዚያ የእኔ ድምፅ ይመጣል፣ ሳቁም ይከተላል። ልጅቷ ዙሪያዋን አየት አደረገችና እሷም ሳቀች፤ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። እኔ ወደ ሰሌዳው ስዞር ሌሎቹ ዝም አሉ። እሷ ግን ሳቋን የት እንደምታደርሰው የጠፋት ይመስል ለብቻዋ ትንሽ ቆየችበት። በመጨረሻ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ እስከ ደወሉ ድረስ አንድም እጅ አልወጣም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ፣ "ገባችሁ?" እላለሁ፣ "ገብቶናል" ይላሉ። ያንን ነው ሥርዓት ያለው ክፍል ብዬ የምኮራበት።

አፈርሁ። ማዳበሪያው የሚበተነው አፈር ላይ፣ ድንቹ የሚወጣው ከአፈር፤ ዓይን ያለው ልጅ ሌላ ምን ይበል? የእኔ ሥራ ይህን መልስ ይዞ ወደ ቅጠሉ መድረስ ነበር። እኔ ግን መሳቂያ አደረግሁት። ከሙሽሮቹ መካከል አንድም ሰው ወደ እኔ አያይም፤ ቢሆንም ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁት።

በማግሥቱ የሒሳቡን መምህር በር ላይ ጠብቄ ያዝሁት።

"ያየኸውን ለምን አልጻፍህም?" አልሁት።

"በእርስዎ ላይ?" አለ።

"እሺ አሁን ንገረኝ።"

ጫማውን አየ። "ቲቸር፣ እርስዎ ክፍል የማይስቅ ተማሪ የለም። እኛም በጊዜያችን ስቀናል።"

"አንተም?"

"እኔማ በደንብ ነዋ።" ቀና ብሎ አላየኝም። "ልጅቷን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ አፈር ብለው ነው የሚጠሯት።"

"እሷስ ምን ትላለች?"

"ሳቅ ብላ አቤት ትላለች።"

ደወል ተደወለና ተለያየን።

ያን ዕለት በግሩፑ፣ በራሴ ቪዲዮ ሥር፣ መሻሻል ያለበትን ራሴ ጻፍሁ። ልጅቷን በመልሷ አሳፍሬያታለሁ፣ የተማሪዎቼን እጅ ያስወረድሁት እኔ ነኝ፣ ባልደረቦቼንም አስተያየት እንዳይጽፉ ያስፈራኋቸው እኔ ነኝ አልሁ። ስድብ ቢመጣ ዝግጁ ነበርሁ። የመጣው አበባ ነው። "ትሕትናዎ ራሱ ትምህርት ነው" አሉኝ። ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ። ለካ ግሩፑንም እንደ ክፍሌ አድርጌዋለሁ። ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ሁለተኛው ቀረጻ ሲደርስ ስልኩን ራሴ መስኮቱ ላይ አቆምሁት፤ ወደ ልጆቹ አዙሬ። ልጅቷን በስሟ ጠራኋት። ከኋላ አንድ ልጅ ያን ሌላውን ስም በሹክሹክታ ሲላት ሰማሁ። "ባለፈው ከአፈር ያልሽው ለምን እንደሆነ ንገሪን" አልኋት።

ገና አፏን ሳትከፍት ሳቀች። ክፍሉም ተከትሏት ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፤ አለቀ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ቲቸር፣ ተቆጡ እንዴ?" አለችኝ።

"አልተቆጣሁም። ያልሽው የሚያስቅ አልነበረም፤ ያሳቅሁብሽ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። አሁን ያሰብሽውን መስማት ስለፈለግሁ ነው።"

ቀልዱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ፊቴ ላይ ስትፈልግ ቆየች። ከዚያ፣ "ዝም ብዬ ነው ያልሁት ቲቸር፤ እርስዎ ያሉት ነው ልክ" አለችና፣ ማንም ሳይስቅባት ሳቅ ብላ ተቀመጠች።