ለሊሾ የተሠራ ጫማ

አባቴ ጫማ ሰሪ ነበር። ሱቁ ኮልፌ፣ ዛሬ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከምንለው ትንሽ ወረድ ብሎ ከአስፋልቱ ዳር ነበረች። ሱቅ አልኳት እንጂ አባቴና አንድ ደንበኛ ከገቡባት ሌላው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ጫማ እንደ ዛሬ ቶሎ አይጣልም ነበርና፣ የሠርግ ወር ሲመጣ ሰፈርተኛው ያረጀ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ እሱ ይጎርፋል። አባቴም ጫማውን ተቀብሎ ገልበጥ ያደርግና ከሁሉ አስቀድሞ፣

«ምን ላይ ነው የሚጨፍሩት?» ብሎ ይጠይቃል።

አዲስ ደንበኛ ከሆነ ይስቃል። የለመደው ግን በቁም ነገር ይመልሳል፤ ዳስ ውስጥ ነው ይላል፣ ወይም ጣውላ ላይ። ዳስ ከሆነ ወፍራም ቆዳና አጭር ታኮ ነው፤ ታኮ ከረዘመ አፈሩን እየበሳ እግር ያስቀራል። ጣውላ ብዙ አያስጨንቀውም ነበር። የሚፈራው ሊሾን ነው። ያኔ ወለሉን በሲሚንቶ ሊሾ ያስደረገ ሰው በሰፈሩ ይቆጠር ነበርና ጠባዩን የሚያውቅ የለም። ሰው የጎማ ሶል አስደርጎ ሊሾ ላይ ሲጨፍር ያመሽና በማግስቱ እያነከሰ ይመጣል።

«ጎማ እኮ ሊሾን ነክሶ ይይዛል» ይላል አባቴ። «ሰውየው ሲዞር ጫማው አይዞርም። ታዲያ ማን ይዙር? ጉልበት!»

ለስላሳ ቆዳ ደግሞ ያንሸራትታል። ስለዚህ ለሊሾ የመረጠው ካሞሽ የሚባለውን ቆዳ ነበር፤ ሻካራው ፊት ወደ ታች ይሆንና ሳይነክስም ሳይሸሽም እግርን ይታዘዛል። ይህን ሁሉ የሚፈላሰፈው ሰውዬ ራሱ ሲጨፍር ያየው የለም። ማጨብጨብ እንኳ ሲሞክር ከምቱ ወደ ኋላ ስለሚቀር እኛ ልጆቹ አጠገቡ መቆም እናፍር ነበር።

ተጫዋቿ እናቴ ነበረች። የጉራጌ ጨዋታ ሲመታ ሴቶቹ ቦታ ይለቁላታል። ከወገቧ በላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር የምታወራ ትመስላለች፤ እግሯን ግን ዓይን አይከተለውም። ሠርግ የደገሰ ሁሉ ከበሬው በፊት የእሷን መምጣት ያረጋግጣል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

እኔ ከመዳሬ ሁለት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ በተስቦ ሞተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቴ ከሉን በዓመቱ አወለቀች፤ ጭፈራውን ግን እንደተወችው ቀረች። ሠርግ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትመርቃለች፤ ተነሺ ሲሏት «ጉልበቴን ያመኛል» ትላለች። ውኃ እየቀዳች ዳገቱን ስትወጣ የማያማት ጉልበት ከበሮ ሲሰማ ነበር የሚያማት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ማንም ደፍሮ ምንም አይላትም።

የእኔ ሠርግ ሲደርስ ግን ለእኔ ስትል የምትነሳ መሰለኝ። የሙሽሪት እናት ካልጨፈረች ሰው «ሙሽራውን አልወደደችውም» ይላል። እኔን ያስጨነቀኝ የሰው አፍ አልነበረም። በወንድሜ እንዳዘነች ሁሉ በእኔ ደስ እንዲላት ፈለግሁ፤ አንድ ቀን ብቻ። የሠርጉ ዕለት በዳሱ ውስጥ ወጥ ስታስወጣ፣ እንግዳ ስታስቀምጥ ዋለች። ሴቶቹ እጇን ሲስቡ ያችኑ ጉልበቷን ጠራች። እኔ ሙሽራ ነኝና ዓይኔን ሰብሬ መቀመጥ ነበረብኝ፤ ውስጤ ግን እየነደደ ነበር።

ስሰናበት እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ የእናቴን ጉልበት ሳምሁ። ቀና ስል ጆሮዋ ሥር፣

«ልጅሽ እሱ ብቻ ነበር እንዴ?» አልኳት።

መረቀችኝ። ድምጿ አልተለወጠም፤ እጇ ግን ትከሻዬ ላይ ቀዘቀዘ። መኪናው ውስጥ አለቀስሁ፤ ሚዜዎቹ የሙሽራ ወግ መስሏቸው ይስቁ ነበር። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ብዙ ክፉ ቃል ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ የሚቆጨኝ ግን የለም።

መልሱ በሦስተኛው ቀን ነበር። በእነዚያ ቀናት ቤታችን የሆነውን በኋላ የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት፣ የቤታችን ደንብ አስከባሪ። አባቴ በሠርጉ ማግስት ሱቁን ዘግቶ ለእናቴ ጫማ መሥራት ጀመረ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ በሁለት ቀን!

«አንተ ሰውዬ፣ የእሷ ሕመም እኮ ጉልበት አይደለም» ብላው ነበር አክስቴ።

«ጉልበቴ ነው ካለች ጉልበቷ ነው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ተወችው።

እኔ ዛሬ ሳስበው አባቴ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ለልጅ ሐዘን የሚሆን መሣሪያ ሱቁ ውስጥ አልነበረውም። ለጉልበት ግን መላ አያጣም፤ ስለዚህ የሚችለውን ያዘ። ለሠርጉ ብለን ሳሎኑን ሊሾ አስደርገነው ነበር፤ ጫማውን ለዚያ ወለል ብሎ ሠራው። ጥቁር፣ ዝቅ ያለ ታኮ፣ ከሥሩ ካሞሽ። አጥልቆላት «እስቲ ዙሪ» አላት። አንዴ ዞረችለት፤ «ደህና ነው» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የመልሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከባለቤቴና ከሚዜዎቹ ጋር ደረስን። አክስቴ ሳሎኑን ቁርጭምጭሚት እስኪውጥ በቄጤማ ሞልታዋለች። ደንብ ነው፤ ቄጤማ የሌለው የሙሽራ ቤት አይታወቅም። በአፈር ወለል ኖረን አላወቅንም እንጂ፣ ቄጤማ አፈር ላይ አቧራ ይይዛል፤ ሊሾ ላይ ግን ሲረገጥ ውኃውን ይተፋና ወለሉ ሳሙና ይሆናል። ለዳንኪራ መጀመሪያ የተነሳው ሚዜ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ በጀርባው ተዘረጋ። ሊያነሳው የሄደውም ላዩ ላይ ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ወንበሯ ሥር የተሰበሰቡትን የእናቴን እግሮች ያያል። ካሞሽ ውኃ ከጠጣ ከማንኛውም ቆዳ የባሰ እንደሚያዳልጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከበሮው ወደ ጉራጌ ምት ተለወጠ። «የሙሽሪት እናት! የሙሽሪት እናት!» እያሉ ሴቶቹ አጨበጨቡ። እናቴ ጫማዋን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ፣

«ኧረ ተዉኝ፣ ያንሸራትታል» አለች።

ያን ቀን «ጉልበቴን» አላለችም። አባቴ መስማቱን ከፊቱ አየሁ። ብድግ አለ፤ ለሠርጉ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ እንደለበሰ ሳሎኑ መሀል ተንበረከከና ቄጤማውን በሁለት እጁ ማፈስ ጀመረ።

«አንተ! ምን ነካህ?» ብላ ጮኸች አክስቴ። «ከሙሽራ ቤት ቄጤማ ይጠረጋል? ለቅሶ ቤት ልታደርገው ነው?»

ከበሮው ቆመ። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል። ሁሉም ሰው እናቴን ላለማየት ቄጤማውን ያይ ጀመር። አባቴ ቀና አላለም። የመሶብ ክዳን የምታህል ቦታ ጠረገ፣ መሐረቡን አውጥቶ ወለወላት፣ በመዳፉ ወዲያና ወዲህ ፈተናት። እንደተንበረከከ ወደ እናቴ ዞሮ፣

«ይኸው፣ ደርቋል» አላት።

እናቴ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጆሮዋ ሥር ያን ከተናገርኋት ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። ያን ጊዜ ጭፈራውን አልፈለግሁትም፤ እንደ እኔ ቃል የከፋ ነገር ዳግም እንዳይደርስባት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ይቅር፣ ተይው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ተነሳች። በጥንቃቄ ሄዳ ቀኝ እግሯን ደረቁ ቦታ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ ግራውን። ቆመች። አንዲት ሴት ማጨብጨብ ጀምራ አቆመች። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ በቃ፣ አበቃ አልሁ። ከነጠላው በታች ግን እግሮቿ ተንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ የሚያስታውሱት ነገር እንዳለ ሁሉ። ከበሮ መቺው ብልህ ሰው ነበር፤ እሷን ሳይቀድም ከእግሯ ጀርባ ገባ። ነጠላው ወረደ። ፊቷ እርጥብ ነው፤ እግሯ ግን ያችን ትንሽ ቦታ ከዳር እስከ ዳር ይመታታል፤ ቤቱም እልል አለ።

ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ ደንግጦ ተነሳ።

«ምነው? ጉልበትሽ ነው?»

«የምን ጉልበት! ጠበበኝ እንጂ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሰፋ አድርገው እንጂ አባቷ! ልጄን ድሬ እዚህች ላይ ብቻ ነው እንዴ የምጫወተው?»

«ልጄን» አለች። አባቴ ተመልሶ ተንበረከከ። አክስቴ እያጉረመረመች ቀሚሷን ሸክፋ በወዲያኛው በኩል ማፈስ ጀመረች። እኔም ካባዬን አውልቄ ለባለቤቴ ሰጠሁና አጠገባቸው ተንበረከክሁ፤ እናቴ እየተጫወተች በመጣች ቁጥር ሦስታችን ወደ ግድግዳው እየሸሸን ጠረግንላት።