ከሕይወት ታሪካቸው ያስቀረሁት ታንክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝርም ዘልዬዋለሁ። ምን ብዬ ልናገር? «አባቴ፣ በአንድ የካርቶን ታንክ ምክንያት የሰው ስም ገደልኩ» ልበል? ይስቁ ነበር። ቢስቁ ደግሞ እኔም አብሬ የምስቅ መሰለኝ፤ የፈራሁት ያንን ነው።

ዲላ ውስጥ ድሮዊንግ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ የጦር ታንክ ሞዴል እሠራለሁ፤ አካሉን ከካርቶን፣ መድፉን ከእስክሪብቶ ቀፎ፣ ጎማውን ከለስላሳ ቆርኪ። ቆርኪው ልክክ ብሎ እንዲገባልኝ ብዬ መጠኑን አንድ ለሃያ አምስት አድርጌዋለሁ። አንድ ሚሊሜትር ከሳተብኝ አፍርሼ እንደገና እሠራለሁ። በትክክለኛነቴ እኮራ ነበር፤ አዎ፣ እኔ!

ጋሽ በራሶ ሰፈራችን የባጃጅ ፌርማታ አጠገብ ጎማ የሚጠግኑ ጎሚስታ ነበሩ። በወጣትነታቸው ቲ-55 የሚባል ታንክ ይነዱ እንደነበር ይናገራሉ። ሠራዊቱ ሲበተን ወረቀታቸው ስለጠፋ ያላቸው ማስረጃ አፋቸው ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ ግማሽ እያመኑ ግማሽ እየቀለዱ ይሰሟቸዋል። አንድ ቀን የጀመርኩትን ቲ-55 ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉኝ፤ አገላብጠው አዩት።

«መምህር፣ ቆንጆ ናት። ግን ጎማው ልክ አይደለችም» አሉ። «ከፊት የመጀመሪያው ጎማ ብቻውን ነው የሚቆመው። ከሁለተኛው ጋር መሃሉ ሰፊ ነው። እኔ እዚያ ጋ ተንበርክኬ ስንት ጊዜ ሰንሰለት ቀጥያለሁ!»

እኔ ግን ከኢንተርኔት አውጥቼ ያሳተምኩት ፎቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከሥሩ ቲ-55 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰፊው ክፍተት ያለው ከኋላ ነው። በሰው ፊት መታረሜ አንገበገበኝ። እኔን ጎሚስታ ያርመኝ! ፎቶውን አውጥቼ ለነጂዎቹ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «ጋሽ በራሶ፣ ለመሆኑ ታንክ ነድተው ነው ወይስ ሲያልፍ አይተው?» አልኳቸው።

ነጂዎቹ ሳቁ። አንዱ የባጃጁን ጣራ እየደበደበ ሳቀ። ጋሽ በራሶ ፎቶውን አየት አድርገው «ይሄ ሌላ ታንክ ነው፤ የእኛ አይደለም» አሉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሞዴሉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ሲያልፍ ያየው» ሆኖ ቀረ። ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ «ሲያልፍ ያየው የለም እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። እሳቸውም ስለ ታንክ ማውራት ተዉ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የታንኩን ሙሉ ንድፍ አገኘሁ። ፎቶው በእርግጥም የሌላ ታንክ ነበር፤ ከሥሩ የጻፈበት ሰው ተሳስቷል። ክፍተቱ ከፊት ነው፣ ልክ እሳቸው ባሉት ቦታ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሮጬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ዐሥሩንም ቆርኪ ነቀልኩና በትክክለኛው ቦታ ለጠፍኩ። ኮላው እስኪደርቅ በትዕግሥት ጠበቅሁ። ታንኩ ታረመ፤ እሳቸው ውሸታም እንደተባሉ ቀሩ። የትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን ላይ አንድ እንግዳ ያንኑ ክፍተት አይቶ «ይህን እንኳ ከየት አወቅከው?» ብሎ ሲያደንቀኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «በጥናት» አልኩ። በጥናት!

ይህ ሳያንስ፣ ባለፈው ዓመት ጋሽ በራሶ ሞቱ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በእድራችን ደንብ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ጽፎ ቀብር ላይ የሚያነበው ጸሐፊው ነው። ልጃቸው አስቴር ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ቁጭ ብላ ወርቃ ከተማ መወለዳቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም፣ የታመሙበትን ጊዜ ነገረችኝ። ደብተሬን ስዘጋ እጄን ያዘችኝ።

«መምህር፣ ታንኩን እንዳይረሱብኝ፣ አደራ። እርስዎ ካነበቡት ሰው ያምናል።»

እኔ ካነበብኩት ሰው ያምናል! ምን ብዬ መለስኩላት? «ልጄ፣ ማስረጃ የሌለው ነገር አይጻፍም።» ማስረጃው ቤቴ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል እኮ! ታንኩን ብጽፍ «ታዲያ ያኔ ለምን አዋረድካቸው?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «በልዩ ልዩ ሥራዎች አገራቸውን አገልግለዋል» ብዬ ጻፍኩ። የተቀበሩት እዚያው ትውልድ አገራቸው ወርቃ ነው፤ ቀብሩ ላይ፣ በዘመዶቻቸው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «በልዩ ልዩ» ስል አስቴር ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንዱ ባጃጅ ነጂ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ታንክ ነዳሁ ሲሉ ያስቁን ነበር» አለ። ደሜ ፈላ፤ ጉሮሮውን ልይዘው ምንም አልቀረኝም። በእሱ ምን አናደደኝ? የደገመው ከእኔ የሰማውን ነው። ዲላ እስክንደርስ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በምን ይጠራል? እኔ ካፈንኩት፣ ባለቤቱም ከሞተ፣ በምን? እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ለአንድ ሚሊሜትር ብዬ የሳምንት ሥራ የማፈርስ ሰው፣ የሰው ዕድሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ። አላወቅሁም ነበር አልልም፣ አውቅ ነበር። ልጅነት ነው አልልም፣ ጸጉሬ ሸብቷል። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ወርቃ ተቀብረዋል፤ በእሳቸው ፈንታ ማንም ይቅር እንዳይለኝ።

የፊታችን እሑድ የእድሩ ስብሰባ አለ። ነጂዎቹ ይኖራሉ፣ አስቴርም ትኖራለች። ቃለ ጉባኤውን አንብቤ ስጨርስ ታንኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከፈለጉ ይሳቁብኝ፣ ከፈለጉ ከጸሐፊነት ያውርዱኝ። ያስቀረሁትን አነባለሁ፤ ጽፌዋለሁ፣ አጭር ነው፦ «አቶ በራሶ የታንክ ነጂ ነበሩ። ጎማው ልክ አይደለም ብለውኝ ነበር፤ እውነትም ልክ አልነበረም።»