የሚጎትተው ቴፕ

ከአንድ ቲኬት ቆራጭ ጋር የተኳረፍነው ስሙን እንኳ በማላውቀው ፈረንጅ ዘፋኝ ምክንያት ነው ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔን ግን ዛሬም ያናድደኛል። የምናደድበት ሰው በየጊዜው ተቀያየረ እንጂ ንዴቱስ አልበረደልኝም።

በደርግ ዘመን አዋሽ ሰባት ኪሎ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ፀሐዩ ገና አናት ይበሳል፤ የተከራየሁት ቤት ደግሞ ዙሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ በዚያ ሰዓት አይገባበትም። ስለዚህ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሄጄ እቀመጣለሁ። ባለቤቱ ከወሎ የመጡ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከሻይ ምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ትልቅ ቴፕ ተቀምጧል። የድሬዳዋው ባቡር በሰዓቱ ደርሶ ስለማያውቅ ተሳፋሪውም፣ የከባድ መኪና ሾፌሩም፣ ሥራ የፈታውም እዚያ ተሰብስቦ ዘፈን ይሰማል።

የአማርኛውን ከሬዲዮ ስለምናገኘው ቴፑ ለፈረንጅ ዘፈን የተተወ ነበር። ጋሼ ለራሳቸው አርብ አርብ ጠዋት፣ እኛ ሥራ ላይ ሳለን፣ መንዙማ ያዳምጡበታል። የቤቱ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሁለት ሰው ካሴት ይዞ ከመጣ አንድ ገጽ ለአንዱ፣ አንድ ገጽ ለሌላው ይከፈታል። ገጹ እስኪያልቅ ማንም ትንፍሽ አይልም። ስድቡም ክርክሩም ካሴቱ ሲቀየር ነው። አዛን ሲባል ቴፑ ይዘጋል፣ እኛም አፋችንን እንዘጋለን።

ቲኬት ቆራጩ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤቱ የማይወጣ ሰው ነበር። የሚወደው ፖፕ ነው፤ ሦስት አራት ሴቶች እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት፣ እጅ የሚያስጨበጭብ፣ መሬት የሚያስመታ። አሥራ ሁለት ካሴቶች ነበሩት። እያንዳንዳቸውን በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ነው የሚይዛቸው፤ ከከፈተ በኋላም መልሶ ይጠቀልላቸዋል። እኔ የሮክ ሰው ነበርኩ። ጊታር ሲጮህ ነው ደስ የሚለኝ።

«የአንተዎቹ ሴቶች የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር እያጠኑ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም» እለዋለሁ።

«የአንተዎቹስ? ጋራዥ ውስጥ በርሜል የወደቀባቸው ነው የሚመስለው» ይለኛል።

ሁለታችንም ባለ ደጋፊ ነበርን። ሾፌሮቹ በአብዛኛው ከእኔ ጋር ናቸው፤ ሮክ መሪ ላይ እንቅልፍ ይከለክላል ይላሉ። የሆስፒታል ድሬሰሩና የጣቢያው ሠራተኞች ከእሱ ጋር ናቸው። ጋሼ ከማንም ጋር አልነበሩም። ሻያችንን እየቀዱ «አይ የናንተ ነገር» ይላሉ፣ በቃ።

ከካሴቶቼ መሀል ሽፋንም ስምም የሌለው አንድ ነበር። በአሰብ መስመር የሚመላለስ ሾፌር ወዳጄ ከሌላ ካሴት አስገልብጦ ያመጣልኝ ነው፤ በእስክሪብቶ «ሮክ ፫» ብሎበታል። የሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ አንድ ዘፈን አለ። የዘፋኙ ድምፅ ወፍራም ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ከደረቱ ጎትቶ የሚያወጣት ይመስላል። ጊታሩ ራሱ ያለቅሳል። የእኔ እንግሊዝኛ ለመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ለዘፈን የሚበቃ አልነበረም፤ እናት፣ ቤት፣ መንገድ፣ ቅዳሜ የሚሉትን ቃላት ብቻ ነው የያዝኩት። ከእነዚህ ተነስቼ ለሻይ ቤቱ ሁሉ ተረጎምኩት። የእናቱን ሞት ሰምቶ ለቀብሯ ያልደረሰ ልጅ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ሲመለስ ነው መርዶ የሰማው አልኩ። ሾፌሮቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘፈኑ ሲከፈት ሁሉም አንገቱን ይደፋል።

ያ ለቀብር ያልደረሰ ልጅ እኔ ነበርኩ። በዚያው ዓመት፣ ካሴቱ ከመምጣቱ ቀደም ብሎ፣ እናቴ ማረፏን የሚናገር ቴሌግራም ደርሶኝ ነበር። ከከተማው ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሄድኩ፤ የሚፈርመው ካድሬ ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን አገኘሁትና ቴሌግራሙን አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ተቀብረዋል አይደል እንዴ? ታዲያ አሁን ምን ያጣድፍሃል፣ ጓድ መምህር?» አለኝ። ይህን ያለኝ እየሳቀ እንኳ አልነበረም፤ ከልቡ እየጠየቀኝ ነው። ያልተፈረመውን የይለፍ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ጥቁር አልለበስኩም፤ ለማንም አልተናገርኩም። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ቀብር ሳልቆም፣ ከማን ጋር ለቅሶ ልቀመጥ? የሚያውቁት ጋሼ ብቻ ናቸው፤ ቴሌግራሙን ያነበብኩት እሳቸው ቤት ነበር። «አብሽር ልጄ» ብለው ሻይ ቀዱልኝ፤ ለሰው እንዳይናገሩ አደራ አልኳቸው። ነፍስ ይማር የሚለኝ ሰው ሳይኖር ወራት አለፉ። ለቅሶዬ ያ ዘፈን ነበር። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል እናቴን አለቅሳለሁ፤ ሌላው ዘፈን የምሰማ ይመስለዋል።

ቲኬት ቆራጩ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዘፈን ነው። ገና እንደመጣ ሰሞን የራሱ ካሴት ገጹ ሲያልቅ «ኧረ እነዚህ ሴቶች እዚህ ሲደርሱ ምን ነካቸው? ድሬዳዋ እንዲህ አልነበሩም» ይል ነበር። ሙቀቱ ነው፣ እነሱንም አዛላቸው ብለን እንስቅበታለን። እሱም አብሮን ይስቃል፤ ግን ጆሮውን ወደ ቴፑ አዘንብሎ ነው።

አንድ ቀን የእኔ ተራ ሆኖ ዘፈኑ ገና መሀል ሳይደርስ እጁን አነሳ። ገጽ ሳያልቅ የተናገረ ሰው በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም።

«ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ሰውዬ እያለቀሰ አይደለም» አለ። «ቴፑ ነው የሚጎትተው። ጋሼ፣ ምድጃው ላይ እየዋለ ላስቲኩ ረግቦ ይሆናል፤ ይከፈትና ይታይ።»

ቴፕ ውስጥ ካሴቱን የሚያሽከረክር ቀጭን የጎማ ላስቲክ አለ፤ እሱ ከረገበ ዘፈን ይንቀራፈፋል፣ ድምፅም ይወፍራል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ እናትህ አልሞተችም፣ የምታለቅሰው በከንቱ ነው ያለኝ ነው የመሰለኝ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አልኩት ተነስቼ። «የቡርዧ ዳንስ ከማስጨፈር ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ቃሉ የዘመኑ ስድብ ነበር፤ አስተማሪዎች ሲጋራ የነፈገንን ሰው ሁሉ ቡርዧ እንላለን። የከፋው ግን ካድሬው ጥግ ላይ ሻዩን ይዞ መቀመጡ ነው። ሲገባ አይቼዋለሁ። ስድቡ ከአፌ ሲወጣ ቀና ብሎ ቲኬት ቆራጩን አየው፤ ከዚያ ሻዩን ጨረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ቲኬት መሸጫው ድረስ ሄደው ካሴቶቹን ወሰዱበት። ያመለጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጋሼ ቤት ረስቶት የሄደው። በሌሎቹ ላይ የቀበሌው ኪነት ቡድን መዝሙሩን ቀዳባቸው። የእኔን ካሴት ማንም አልነካውም። ካድሬው ስለ ዘፈኑ ጠይቆ የድሃ ልጅ ለቅሶ ነው ተብሎ ነበርና «የጭቁኖች ነው፣ ይቆይ» አለ አሉ። እኔን ለቀብር ያስቀረኝ ሰው የውሸት ትርጉሜን አጸደቀልኝ!

ይህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ግን ከመጣ በኋላም ቀበሌ ሄጄ ካሴቶቹ ይመለሱለት አላልኩም። ቲኬት ቆራጩ ሻይ ቤቱን ተወ። ከመስኮቱ ቲኬት ስገዛ መልሴን ይሰጠኛል፤ ፊቴን አያይም። እኔ ደግሞ እሱ ማኩረፉ ይባስ አናደደኝ። ዘፈኔን የሰደበው እሱ፣ የሚኮራው እሱ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው እያልኩ ለሾፌሮቹ አማዋለሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የፈተና ወረቀት ይዤ በአሰብ መንገድ ላይ ወዳለችው ሎጊያ እንድሄድ ታዘዝኩ። የይለፍ ወረቀቱን ያው ካድሬ በአንድ ደቂቃ ፈረመልኝ። የጫነኝ ያ ካሴቱን ያመጣልኝ ሾፌር ነበር። ሎጊያ ስንደርስ ከቀትር በፊት ነው፤ ምሳ ልንበላ ጋራዦቹ አጠገብ ያለ ምግብ ቤት ገባን። ቤቱ ከአሰብ በቅርቡ የመጣ አዲስ ቴፕ ነበረው። ሾፌሩ ካሴት ከተተና «የአንተን ዘፈን ላሰማህ፤ ዋናው ካሴት ይሄ ነው» አለኝ።

ከቴፑ የወጣው ግን ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጉልበት ያለው የጎረምሳ ድምፅ ነው። ጊታሩ ይፈነጥዛል። አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ወገቧን ነቀነቀች። እናት፣ ቤት፣ መንገድ፣ ቅዳሜ፤ ቃላቱ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ልጁ ቅዳሜ ከእናቱ ቤት ተደብቆ ጭፈራ ሊሄድ ነው።

«ቴፑ ተበላሽቷል!» አልኩ። «ይሮጣል።»

ሾፌሩ ትንሽ አየኝና ያን ሰሞን ሬዲዮ በየቀኑ የሚያሰማውን የአማርኛ ዘፈን ከተተ። ትክክል ነው፤ እንደማውቀው ነው። አውጥቶ የእኔን መልሶ ከተተው። አሁንም ጎረምሳው ይጨፍራል። ምሳዬን ተውኩት። ወራት ሙሉ እናቴን ያለቀስኩት በጭፈራ ነው።

ሰባት ኪሎ የተመለስኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ሻይ ቤት ገብቼ ጋሼ ላይ ጮህኩባቸው።

«ቴፑ እንደሚጎትት ያውቁ ነበር?»

«ወላሂ አውቅ ነበር» አሉ ሳይደነግጡ። «መንዙማውን ያሉትን ሸህ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ድምጣቸው ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አላሠሩትም?»

ከስኳር ጣሳው ጀርባ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አጠቃለሉን አወቅሁት። ሲፈቱት አዲስ ላስቲክ ነው።

«የባቡሩ ልጅ ነው ያመጣው» አሉ። «ካሴቶቹን በወሰዱበት ሳምንት ድሬዳዋ ሄዶ ገዛ። እውነቱ ይታይልኝ ብሎ ሊገጥመው ቴፑን ፈታው። እኔም አልቻልሁም፤ የእናትህን ነገር ነገርሁት። አደራህን በልቻለሁ፣ አፉ በለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ላስቲኩን በወረቀቱ መልሶ ጠቀለለው። ከዚያ ቴፑን እንዳለ መልሶ ገጠመው። ‹ጋሼ፣ ለቅሶው ሲያልቅ ይህን ይግጠሙለት› ብሎኝ ሄደ። አሁን ወደ ሌላ ጣቢያ አዛውረውታል፤ ባለፈው ሳምንት ተሰናብቶኝ ሄደ።»

በዚያን ሰዓት ከማንም በላይ የተናደድኩት በእሱ ነው። ማን ዕዘንልኝ አለው? በቲኬት መስኮቱ ፊቱን ሲያዞርብኝ እኔ ጥላቻ ነው ብዬ ነበር፤ በጥላቻው ላይ ጥላቻ እየከመርኩ ነበር። ለካ ዓይን ለዓይን ከተያየን የሚያውቀው ነገር ከአፉ እንዳያመልጠው ፈርቶ ነው። ካሴቶቹን ያስወሰድኩበት ሰው ለቅሶዬን ሲጠብቅልኝ ከረመ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ይመለሳል።

ላስቲኩን ራሴ ገጠምኩት። የረሳውን ካሴት ከተትኩና ሁለቱንም ገጽ ሰማሁ። ሴቶቹ ድሬዳዋ ላይ እንደነበሩት ሆኑ። እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ አንዷ ሌላዋን ትንፋሽ አታስጨርስም፤ ጭብጨባው ጥርት ያለ ነው። ያምራል። ከዚህ በላይ ላሞግሰው አልፈልግም፣ ግን ያምራል። ጋሼ «ሮክ ፫»ን አንስተው አዩኝ። ተዉት አልኳቸው።

በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ብዙ ጽፌ ብዙ ቀደድኩ፤ በመጨረሻ የቀረው ሁለት መስመር ነው። «ትክክል ነበርክ፤ ለካሴቶቹ ይቅር በለኝ። ጊታሩ ግን አሁንም ይበልጣል።» ደብዳቤውንና የረሳውን ካሴት በነጭ ወረቀት እንደ እሱ አድርጌ ጠቀለልኩና ለባቡሩ ተቆጣጣሪ ሰጠሁት።

መልሱ የመጣው ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘግይቶ በገባበት ቀን ነው። ተቆጣጣሪው ከበሩ ላይ ሆኖ አንዲት ያገለገለች ቲኬት አቀበለኝ። በጀርባዋ በደንብ በተቀረጸ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ጊታሩ አይበልጥም። የእናትህን ነፍስ ይማር።»

ተሳፋሪው ዕቃውን ይዞ እየገፋኝ ያልፋል። እኔ ቲኬቷን ይዤ የጣቢያው መድረክ ላይ ተቀመጥኩና ሰው እያየኝ አለቀስኩ።