ለሙዝ የሰፋሁት ኮት

ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ እንጅባራ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ የሚሆንበት ሰሞን። ፊቴን ታጥቤ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ አያ ፈንታ ፈረሳቸውን እየሳቡ ገቡ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ኮቴ ደረሰ?»

ልብስ ሰፊ ነኝ። አያ ፈንታ ጥር ላይ ልጃቸውን ይድራሉ። ለሠርጉ ኮት እንድሰፋላቸው ወፍራም ቡናማ ጨርቅ ካመጡልኝ አንድ ወር አልፏል። ሦስት ጊዜ ቀጥሬያቸው ሦስት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። የእሳቸው ቃል ደግሞ በሰፈሩ ይሰማል... «ይቺ ልጅ አትረባም» ካሉ ሌላ ደንበኛ ማግኘቴን እንጃ።

«ትንሽ ነው የቀረው አያ ፈንታ» አልኩ። ውሸቴን ነው። እጅጌው ገና አልተገጠመም።

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱና... ዓይናቸው እኔን አልፎ ከኋላዬ ቀረ።

ከኋላዬ ሙዜ ቆማለች። ኮት ለብሳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያደግኩት ጫግኒ ነው፤ እዚያ ሙቀት ነው፤ ሙዝ በየጓሮው ሞልቷል። አግብቼ እንጅባራ ስመጣ ቅጠለ ሰፊ ነገር ናፈቀኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት የሙዝ ችግኝ በሚኒባስ፣ ጉልበቴ ላይ አቅፌ አመጣሁ። ባሌ «እዚህ ድንች እንኳ በብርድ ይጠቁራል፤ አንቺ ሙዝ ትተክያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ክረምቱን አምስት ቅጠል አወጣች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኅዳር ላይ ግን ውርጩ መጣና ቅጠሎቿ አንድ በአንድ እየጠቆሩ ወደቁ። አንዲት ቅጠል ብቻ ስትቀር እንባዬ መጣ። እኔ ደግሞ ከመርፌና ከክር ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም...

ሰፋሁላት። ውጩ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ገበሩ አሮጌ ብርድ ልብስ። አራት ቁልፍ። ኮሌታም አልቀረባት። ቅጠሏ በአንገቷ በኩል ብቅ ብላ ስትታይ፣ እውነቴን ነው፣ ታምራለች።

አያ ፈንታ ቀረብ አሉ። ኮሌታውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሸት አሸት አደረጉት።

«ይኸ የኔ ጨርቅ አይደለም?»

ነው። ከኮታቸው በተረፈው ቁራጭ ነው የሠራሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ቁርጥራጩ ነው አያ ፈንታ... ጨርቁ አይጎድልብዎትም... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። አዊኛዬ ደካማ ነው፤ «ሙዝ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። በቃ፣ ስሜ ጠፋ ብዬ ስጠብቅ... ጎንበስ አሉና ሳልቆልፋት የቀረችውን የላይኛዋን ቁልፍ ቆለፏት።

«ብርድ የሚገባው በአንገት ነው» አሉ። «ደግሞ እግሯን ባዶ ትተሽ ኮት ብቻውን ምን ይረባታል? ስፌቱን አንቺ ታውቂያለሽ። ብርዱን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ፈረሳቸውን ይዘው ወጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የገብስ ገለባና ፍግ ጭነውበት ተመለሱ። ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ሁለታችንም ተንበርክከን ሥሯ ዙሪያ ፍግ ደለደልን፣ ከላይ ገለባ አለበስናት። «እዚህ ጨምሪ... እሱን ጠቅጠቅ አድርጊው» እያሉ ያዝዙኛል። ኮታቸውን ጨርሶ የረሱት መሰለኝ።

በዚህ መሃል ከበላያችን የማኘክ ድምፅ ሰማን።

ቀና ስንል ፈረሱ ነው። የመጨረሻዋን ቅጠሌን ግማሿን በልቶ ግማሿ ከአፉ ተንጠልጥላለች።

«ወይ ውርደቴ!» ብለው አያ ፈንታ ልጓሙን ሳቡት። ፈረሱ የቀረችውንም ጎርሶ ተሳበላቸው። እኚያ ትልቅ ሰው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ።

«አይዞሽ ልጄ፤ ዋናው ፍሬው ነው። በጊዜዋ ታፈራለች።»

«አታፈራም አያ ፈንታ። ብርዱ ለፍሬ አያደርሳትም። የተከልኳት ለቅጠሏ ነው።»

«ለቅጠሏ?»

«ለቅጠሏ። ዝናብ ሲያርፍባት ድምፁ ደስ ይለኛል።»

አንዴ እኔን አዩ፤ አንዴ ፈረሱን አዩ።

«እንግዲያማ» አሉ፣ «ካገሩ ሰው ሁሉ ሐሳብሽ የገባው ይኸ ፈረስ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እሳቸው አጥሩን ይዘው ሳቁ... ሳቁ... እስኪያስላቸው ድረስ። ባሌ ምን መጣ ብሎ ከቤት ሮጦ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ኮታቸው ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ አለቀ። ሠርጉ ላይ ለብሰውት፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ደረታቸውን እየነኩ «ይኸን የሰፋችው ለሙዝ ኮት የምትሰፋዋ ናት» ሲሉ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ግን ያን ቀን ብቻ አራት ሰው «የት ነው ሱቅሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሙዟ ለወራት ደረቅ ግንድ ሆና ከረመች። ባሌ ሁለት ጊዜ ሊነቅላት ሲል ተጣላን። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ አንድ ጠዋት ብወጣ... ከአናቷ ጣት የምታህል አረንጓዴ ጥቅልል ብቅ ብላለች! እየጮህኩ ባሌን ቀሰቀስኩት። አሁን ቅጠሎቿ እኔን ከነሻሼ ይከልሉኛል።

ትናንት ደግሞ ገበያ ላይ ሱቅ ያላት ከድጃ መጣች። አንዲት ፓፓያ በቅላላታለችና ብርዱ ሳይገባ ከወዲሁ እንድለካላት ፈልጋ ነው።

«እንዳይጠባት አደራ» አለችኝ። «ገና ልጅ ናት፤ ታድጋለች።»

ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኳት... ሥራ አይናቅም።