በኩይሳው ላይ ስድስት ቅል

ባላምባራስ ወልደየስ ቤት ሥራ የገባሁ ቀን እጄ ላይ ያኖሩልኝ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በቅቤ የተለወሰ ነበር። ሞረዴንና ጉጠቴን ይዤ ከባቡሩ መጠገኛ ስወጣ፣ በአዳማ ከኔ የተሻለ ብረት የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። እድሜ ነው።

«ምን ጎደለው?» አሉኝ።

ምላጩን ብስበው ቃታው እንደ ሰነፍ በቅሎ ተንቀራፈፈ። «ጌታዬ፣ የጎደለው የለም። የተረፈው ነው እንጂ፤ ቅቤው» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «የቀባሁት እኔ ነኝ። ከአንተ በፊት የመጡት ሁለቱ ሞላውን ሊፈቱ ነበር» አሉና የራሳቸውንም የደንበኛውንም መሣሪያ እንድጠግን እዚያው ቀጠሩኝ።

ያን ጊዜ መሣሪያ ያለው ሁሉ መሣሪያውን ቅቤ ይቀባ ነበር። ለደጋ ይሆን ይሆናል። የአዳማ አቧራ ግን ቅቤ ሲያገኝ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ይደርቅና ቃታውን ይይዘዋል። እኛ በላምባ አጥበን፣ በጨርቅ አድርቀን፣ የስፌት መኪና ዘይት በላባ ጫፍ ነበር የምንቀባው። ይህን ለስንት ደንበኛ እንደነገርኩ አላህ ይወቀው። ነገ ተመልሶ በቅቤ ለውሶት ይመጣል።

ባላምባራስ በጉምሩክ ኬላ አገልግለው የወጡ ሰው ነበሩ። ሌላው ጡረታውን በሙግት ሲጨርስ፣ እሳቸው በጡረታቸው ሽጉጥ ይሰበስቡ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሳቸውን ቤት ያውቃል። የቤልጅግ፣ የፈረንሳይ፣ የቱርክ፤ እያንዳንዱ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ሽጉጦቹ ስምም ነበራቸው። አጭሯ «ሙሽሪት»፣ ድምፁ የሚያደነቁረው «አዋጅ»። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ፣ «እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ እነሱን ግን ክርስትና አነሣቸው» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

እሑድ እሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ ከከተማው ወጣ ብለን አንድ ትልቅ ኩይሳ ላይ እንተኩስ ነበር። ቅል ኩይሳው ላይ እናስቀምጣለን፤ የሳተውን ጥይት አፈሩ ይውጠዋል። ባላምባራስ እዚያው ባለች ግራር ሥር ቆመው፣ ግራ እጃቸውን ከኋላ አድርገው፣ ሲተነፍሱ ሳይሰማ ምላጩን ይስባሉ። ቅሉ ይፈርሳል። ብዙ ተኳሽ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው የተረጋጋ ክንድ አላየሁም። ነፍስ ባለው ነገር ላይ ሲተኩሱም አላየሁም። ድኩላ ፊታቸው ቢቆም ሽጉጡን ወደ ማኅደሩ ይመልሱ ነበር። ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውም ጥይት የሚጎርሰው ከበሮው ተከፍቶ፣ ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑ ታይቶ ብቻ ነው። ይህን ሕግ የረሳ እንግዳ ሁለተኛ አይጋበዝም።

አንድ ቀን ከአቦምሳ ሽብሩ የሚባል ጎልማሳ መጣ። ጸጉሩ ጎፍሮ ትከሻው ደርሷል። ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ ሞላው ተሰብሯል፣ ከበሮው ይወዛወዛል።

«የአባቴ ነው» አለ። «በእርሻ ድንበር ጠብ አንድ ሰው ገደለው። ደሙን ሳልመልስ ጸጉሬን ላልላጭ ምያለሁ። የገዳዩ ዘመዶች ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላኩብን፤ ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ መለስኳቸው። ቶሎ ሥራልኝ፣ ወንድሜ።»

ሰው እንዲገደል እጄን ላበድር ነው? ገብቼ ለባላምባራስ ነገርኳቸው። «ወላሂ ጌታዬ፣ ማነጣጠሪያውን ትንሽ ላጣምመው? ማንም አያውቅም።»

ተቆጡ። «ውሸታም ሽጉጥ ከቤቴ አይወጣም! ይሄኛው ቢስት ሌላ ይፈልጋል። ሁሴን፣ አንተ ሥራህን አሳምር፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ወጥተው ሽብሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ልጄ፣ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«በሠርግ ወደ ሰማይ ተኩሻለሁ፣ ባላምባራስ።»

«ሰማይንማ ማንም አይስትም። ደም መላሽ ነኝ ብሎ ወጥቶ የሳተ ሰው ግን አገር ይስቅበታል። በአባትህም ያስቃል። ሽጉጡ ይሠራልሃል፤ የምትወስደው ግን ስድስት ቅል በስድስት ጥይት ያፈረስክ ቀን ነው። ትስማማለህ?»

ኩራቱን ነኩት። ተስማማና አዳማ አጎቱ ቤት ከረመ።

ሞላውን ከአሮጌ ብረት ቀጥቅጬ አወጣሁ፤ የከበሮውን ዘንግ ቀየርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ ነበር፤ ስላማረም ጠላሁት። ሽብሩ መጀመሪያ ላይ ኩይሳውን እንኳ ይስት ነበር። ጥርሱን ነክሶ፣ ምላጩን ሊገነጥለው ደርሶ ይስባል። ባላምባራስ፣ «ተናደህ አትሳብ። ንዴት ክንድ ላይ ይወጣል» ይሉታል። እየዋለ እያደረ ትከሻው ወረደ። መሣሪያውን አጥቦ መግጠምም ለመደ፤ ከበሮውን ሳይነገረው ከፍቶ ማቀበል ጀመረ። ከእኛ ጋር ምሳ ይበላል፤ አንዳንዴም ይስቃል። ወደድኩት። ስለወደድኩት ፍርሃቴ ባሰ፤ ባይገድል ይገደላል።

ከክረምቱ በኋላ አንድ እሑድ ስድስቱንም ቅል አፈረሰ። ማንም እልል አላለም። ባላምባራስ ሽጉጡን ጠረጉ፤ ስድስት ጥይት ለብቻ በጨርቅ ቋጥረው ከሽጉጡ ጋር አስረከቡት።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ። እግዜር ይከተልህ» አሉት። እጅ ነስቶ ሄደ።

ያን ቀን አፌን መግታት አቃተኝ። «ገዳይ አሠልጥነን ሸኘን!» አልኳቸው። ጌታዬን እንዲህ መናገሬ ለራሴም ገረመኝ። አልተቆጡም። ግራሯ ሥር ሄደው ተቀመጡ፤ ያን ቀን ሌላ ቅል አስቀምጥ አላሉኝም።

ሁለት እሑድ አለፈ። ኩይሳው ጋ ሄደንም ማንም ሽጉጥ አላነሣም።

በሦስተኛው እሑድ ሽብሩ በመንገዱ መጣ። ራሱን ተላጭቷል። አደረገው አልኩ። ባላምባራስም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ሽብሩ ከበሮውን ከፍቶ ሽጉጡን አቀበላቸው። ባዶ ነው። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታ፤ ስድስቱም ጥይት እንዳሉ ናቸው።

«ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ» አለ። «አስገባኋቸው። ታረቅን።»

ባላምባራስ ጥይቶቹን መቁጠር ሲጀምሩ እኔ ጠየቅሁት፤ «ምን አስታረቀህ?»

«እዚህ ስተኩስ መጀመሪያ ላይ ቅሉ ላይ የገዳዩን ፊት ነበር የማየው፣ ሁሴን። በኋላ በኋላ ቅል ሆነ። አቦምሳ ደርሼ ሰውየውን ገበያ ላይ ሳየው ደግሞ ቅል አልመሰለኝም። ሰው ነው።»

ባላምባራስ አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ዞረው፣ «አንተ ሁሴን፣ ምን ትገተራለህ? ቅል አስቀምጥ እንጂ» አሉኝ። እየሮጥኩ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ መሣሪያ በእጄ አልፏል። በሙያው ለምትከተሉኝ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ሥራችሁን አታበላሹ፤ የባለቤቱን ፊት ሳታዩ ግን መሣሪያ አትመልሱ።