የሚበላ ባና

የበግ ጠጉር እርጥበት ሲነካው የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ግማሹ በረት፣ ግማሹ ዝናብ። ባለፈው ነሐሴ የደብረ ማርቆስ ብርድ ግድግዳ አልፎ መግባት ሲጀምር፣ ባለቤቴ ከእናቴ አሮጌ ሣጥን ሥር አንዲት ትንሽ ባና አውጥታ የአራት ዓመቷ ልጃችን የሶልያና ፍራሽ ላይ አንጥፋ ነበር። እኔ ሽታውን ያሸተትኩት ግን ዘግይቼ፣ ሐኪም ቤት ደርሰን ከተመለስን በኋላ ባናውን ከፍራሹ ላይ ስገፍፍ ነው። አፍንጫዬ ከእኔ ይልቅ ያስታውስ ኖሯል፤ ወዲያው አስነጠሰኝ።

ሐኪም ቤት የሄድነው ልጅቱ ክርኗንና የጉልበቷን እጥፋት ደም እስኪወጣው ስለምታክ፣ በዚያ ላይ ሁለቱ ዓይኖቿ ሥር ሰው የመታት ይመስል ስለጠቆሩ ነው። «ሰው የመታት» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ናት፣ ያውም ሳትለው። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት በር ላይ አቁማኝ «ጋሼ፣ ቤት ሰላም ነው?» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ፊቴን ሳይሆን እጆቼን ነበር የሚያየው። ሰላም ነው አልኩ። «ልጅቱ ትተኛለች?» ትተኛለች አልኩ። «እህ» አለች። በዕድሜዬ ብዙ ክርክር ገጥሜያለሁ፣ በጽሑፍም በቃልም፤ «እህ»ን የሚመልስ ክርክር ግን እስካሁን አላገኘሁም። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ስሄድ፣ እጁን የደበቀ ሰው ይበልጥ ወንጀለኛ እንደሚመስል የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አጠያየቋ ግን የመርማሪ። ልጅቱ ምን ላይ ትተኛለች? በምን ሳሙና ትታጠባለች? ምን ትቀቧታላችሁ? ባለቤቴ ኮራ ብላ «ቅቤ፣ በኮሰረት የተነጠረ» ስትል የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ ችፌ መሆኑን ነግራን ትእዛዟን ደረደረች፦ ቆዳዋ ሲፈጠር ደረቅና ቁጡ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ቶሎ ትታጠብ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና፤ ፎጣው ይጫናት እንጂ አይፈግፍጋት፤ ገላዋ እርጥበቱን ሳይጨርስ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀባ፤ ቀዩ ቦታ ላይ ደግሞ ያዘዝኩትን ቅባት ስስ አድርጋችሁ፣ ባልኳችሁ ጊዜ ብቻ፤ ጥፍሯ ይቆረጥ፤ ከገላዋ ጋር የሚነካካው ጥጥ ይሁን። «ዋናው ቫዝሊን ነው?» አልኳት፣ ይህን ያህል ተምረሽ በሚል ድምፅ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ ቀላል ሲሆን ደስ አይልዎትም?» አለችኝ። «እጠረጥራለሁ» አልኳት።

የዓይኑን ጥቁረት ስታስረዳን ግን ወንበሬን አስጠግቼ አዳመጥኩ። ዱላ አይደለም፣ እንቅልፍ ማጣት ብቻም አይደለም። አፍንጫዋ በአለርጂ ታፍኗል፤ አፍንጫ ሲታፈን ከዓይን ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ደም ያቁራሉ፣ የዚያ ቦታ ቆዳ ስስ ነውና ጥላው ወደ ውጭ ይታያል፤ ልጅቱ በእጇ ባሸችው ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ከዚያ ድንገት «ከቤተሰቡ እንዲህ የነበረ ሰው አለ?» አለች። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አለ» አልኩ። «ባለ ኩሉ የሚሉት።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ።»

ባለ ኩሉ ያሉኝ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፤ ዓይኔ ሥር ኩል የተኳልኩ ስለምመስል። ያኔ አባቴ ቁይ በምትባል ከተማ ያስተምር ነበር፣ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እናቴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቀን ቀን የምታውለኝ ጎረቤታችን እትዬ ይታይሽ ነበረች፤ ባሏ ጋሽ አየነው ባና ሸማኔ ነው። ስማቸውን ልብ በሉልኝ፦ ባል አየነው፣ ሚስት ይታይሽ። በእኛ አገር ሸማኔ መሆን ብቻውን ለሐሜት ይበቃል፤ ልጅ አለመውለድ ሲጨመርበት ሐሜቱ ይወፍራል፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በማየት ተሰይመው ሲገኙ ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። «ወላጆቻቸው እኮ ገና ሲወለዱ አውቀዋቸው ነው» ትል ነበር አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ከእኛ ጋር ትኖር የነበረችው የእናቴ ታላቅ እህት።

እኔ ግን ያንን ቤት እወደው ነበር። ጋሽ አየነው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፤ ለረጅም ጊዜ እግር የሌለው ሰው ይመስለኝ ነበር፣ አንድ ቀን ቆሞ ሲሄድ አይቼ እስክደነግጥ ድረስ። እትዬ ይታይሽ ጠጉሩን በደጋን ስትነድፈው ብናኙ ይነሣና በጣሪያው ቀዳዳ በምትገባው የፀሐይ ዘንግ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ይዋኛል፤ እኔ ከሥሩ ተጋድሜ አፌን ከፍቼ አያለሁ፣ እስነጥሳለሁ፣ ደግሞ አያለሁ። የተቀቀለ ባቄላ ልጣ ታጎርሰኛለች። እንቆቅልሽ ትጠይቀኝና እኔ አገር ሳልሰጣት መልሱን ራሷ ትነግረኛለች፤ አያስችላትም። ቀትር ላይ ለእኔ ብላ ባሏን ባሠራቻት፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ባላት ትንሽ ባና ላይ ታስተኛኛለች። የምትጠራኝም «ዓይኔ» ብላ ነበር። «ዓይኔ፣ ና ብላ። ዓይኔ፣ ተኛ።»

አንድ እሑድ አክስቴ በሳፋ ስታጥበኝ ክርኔ ውስጥ ያለውን ቁስል አየችው።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የተቧጨርከው?»

«ይበላኛል።»

«የት?»

«እትዬ ይታይሽ ቤት።»

ጣሳው ከእጇ ወደቀ። እሷ «የት?» ያለችኝ የትኛው አካልህ ላይ ማለቷ ነበር፤ እኔ የነገርኳት የምተኛበትን ቤት ነው። የመጀመሪያውን ቃል ግን ሁለታችንም በትክክል ተናግረን በትክክል ሰምተናል፤ ችግሩ ያለው አማርኛው ውስጥ ነው። በእኛ ቋንቋ ችፌም ይበላል፣ ቡዳም ይበላል። ሌላው ሕዝብ ለማሳከክ አንድ ቃል፣ ለመብላት ሌላ ቃል ሲያበጅ፣ እኛ በቁጠባ አንዱን ለሁለቱ አደረግነው። ጎጃምን በቅኔው የሚያደንቅ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህ ሳፋ ትዝ ይለኛል፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል በሚወደድበት አገር ክፉው ትርጉም ቀድሞ እንደሚሰማ ማንም አይነግራችሁም።

«'ዓይኔ' እያለች እኮ ነው የምትጠራው!» አለች አክስቴ ለእናቴ፣ እኔን በፎጣ ጠቅልላ እንደያዘች። «በገዛ አፏ! ዓይኑ ሥር እንዴት እንደጠቆረ አታዪም? ደሙን እየመጠጠችው ነው።»

እናቴ የተማረች ነበረች። «እኔ በቡዳ አላምንም» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ግን ልጄን ለምን እሞክርበታለሁ?» ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ከብዙ የተማረ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያው ክፍል ለእንግዳ ነው፣ ሁለተኛው ለቤት።

ከማግስቱ ጀምሮ ወደዚያ ቤት መሄድ ቀረ፤ ሕክምናው ተጀመረ። ፌጦ ተወቅጦ ተለሰነብኝ፤ ቁስል ላይ ፌጦ ምን እንደሚያደርግ ያልቀመሰ ሰው ስለ ሲኦል ባይጽፍ ይሻላል። ድኝ ተቀባሁ። አንድ ደብተራ ክታብ ጽፎ፣ ክታቡ በቆዳ ተሰፍቶ አንገቴ ላይ ታሰረ፤ ብዙም ሳይቆይ ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ቀልቶ ተነሣ። «አያችሁ! ሸሽቶ አንገቱ ላይ ወጣ!» አለች አክስቴ፣ በድል። ጠበልም ተወሰድኩ፤ ከእሱ የማስታውሰው ብርዱንና ከዚያ በኋላ እናቴ ጋቢዋ ውስጥ አስገብታ ስታሞቀኝ የነበረውን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ከዚያ ዳንኩ። ጉዳዩን የከፋ ያደረገው ይህ ነው፤ ባልድን ኖሮ ጥርጣሬው በራሱ ጊዜ ይሰለች ነበር። እትዬ ይታይሽ ቤት መዋል ሲቀር አፍንጫዬ ተከፈተ፣ ክርኔ ጠገገ፣ ኩሉ ከዓይኔ ሥር እየደበዘዘ ሄደ። የአክስቴ ምርመራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንከን የለበትም፦ ልጁን ከተጠርጣሪዋ ለየች፣ ልጁ ዳነ፣ ፍርዱ ጸና። መጻሕፍት ውስጥ ማስረጃ የሚባለው ነገር ከዚህ ብዙም አይሻልም። ቤቱን በትክክል አገኘችው፤ ቤቱ ውስጥ ካሉት መካከል ግን ሴትየዋን ከሰሰች፣ ባናውን ለቀቀች።

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሰላምታ አልከለከለችም፤ ብቻ ሳትቆም መመለስ ጀመረች። ወደ ሥራ የምትሄድበትን መንገድ ለወጠች። አክስቴ እትዬ ይታይሽ ስታልፍ ባየች ቁጥር ነጠላዋን ፊቴ ላይ ትጥላለች፤ እኔ በነጠላው ውስጥ ሆኜ እጄን አወዛውዛለሁ። አንድ ቀን እትዬ ይታይሽ መጥታ አጥራችን ላይ ቆመች፣ የተቀቀለ ባቄላ በሰፌድ ይዛ።

«ዓይኔ ጠፋ እኮ፤ ዓይኔን አመመው እንዴ?» አለች።

«የዓይንሽን ነገርማ አንቺ ታውቂያለሽ!» አለች አክስቴ።

እትዬ ይታይሽ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏታል። ከዚያ ቃሉ ተገለበጠላት። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ የሚሄድበት አጥቶ ቀረ። ባቄላውን ይዛ ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ ወደ መሬት እያየች ነበር የምትሄደው። ጥቂት ቆይቶ ሰፈሩ በሙሉ ከእነሱ ቤት እሳት መጫር ተወ፤ ባና የሚያሠራም ጠፋ። የመስከረም ጭቃ ሲደርቅ ወደ ጉንደ ወይን ሄዱ ተባለ። በሄዱ ማግስት ጠዋት ትንሿ ባና በራችን ላይ ተጣጥፋ ተገኘች። አክስቴ ትቃጠል አለች። እናቴ ግን ከእጇ ቀምታ ሣጥኗ ሥር ከተተቻት፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ የጠየቃትም የለም።

እንግዲህ ሶልያና ቆዳውን ከእኔ ወረሰች፣ ባናውን ከሣጥኑ። ሐኪሟ እንዳለችው ጥፋቱ ሁሉ የባናውም አይደለም፤ ችፌው በትውልድ ያለ ነው፣ ጠጉሩና ብናኙ ይቀሰቅሱታል እንጂ። ባናው ከተነሣ፣ ቫዝሊኑም ከተያዘ ወዲህ ልጅቱ እያከከች አታድርም። የዓይኗ ሥር ገና ሙሉ በሙሉ አልጠራም፤ መምህሯ ግን «እህ» ማለቷን ትታ «ወፈረች» ትለኛለች፣ አሁንም እጆቼን እያየች።

ሐኪም ቤት ከሄድን ወዲህ ጉንደ ወይን የሚያደርስ ጉዳይ ገጥሞኝ፣ መንገድ ዳር ያገኘሁትን አንድ ሽማግሌ አየነው የሚባል ባና ሸማኔ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የቱ አየነው?» አሉኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው «ምን አድርጎህ ነው የምትፈልገው?» አሉ። ምንም እንዳላደረገኝ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። አላመኑኝም፤ ቢያውቁም አልነገሩኝም።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት፤ አክስቴ ካረፈች ቆይታለች። አንድ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት፦ «እማዬ፣ ያኔ እትዬ ይታይሽ አይደለችም የበላችኝ። ባናው ነው።» የሐኪሟን ነገር፣ የጠጉሩን ነገር፣ የአፍንጫውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ባናውን ማን ፈተለው?» አለች።

ተነሥቼ ወጣሁ።

የጠፋውን ነገር ለመለካት ስሞክር ወደ አንዲት ቃል ይወርድብኛል። ከዚያች ሴት በኋላ «ዓይኔ» ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ ቃሉ እኛ ቤት ተፈራ፣ ከዚያ ተረሳ። በቀደም ሶልያናን ገላዋን ቀብቼ ሳበቃ «ዓይኔ» አልኳት፣ አፌ ላይ መጥቶልኝ። ወዲያው፣ ሳላስበው፣ «እንትፍ» አልኩ። ስለ አጉል እምነት ስንት ገጽ የጻፍኩት እኔ። ልጅቱ ሳቀች።

ትናንት ዝናቡ በረዶ ይዞ ወረደ። እናቴ አልጋዋ ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣ «ያ ባና የት አለ?» አለች። ባለቤቴ አጥባ፣ አድርቃ፣ ከልጅቱ ክፍል አርቃ አስቀምጣው ነበር።

«ለእኔ አምጡት» አለች እናቴ። «እኔን አይበላኝም።»

ከሁለቱ መብላት የትኛውን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አምጥቼ እግሯ ላይ አለበስኳት፤ ባናዋ ትንሽ ናት፣ ከጉልበቷ አታልፍም። እናቴ ጥቁሩን መስመር በጣቷ እየተከተለች ዳር እስከ ዳር ሄደችበት፣ ተመለሰችበት። እኔ በጥርጣሬ ያደግኩ ሰው ነኝና አጠገቧ ተቀምጬ እጆቿን ማየት ጀመርኩ። እስካሁን አላከከችም።